«እርሳቸው» ወንድ ናቸው ወይስ ሴት?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን፤ እኛ በቤታችን አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ዕብራይስጥ የምንናገር ተማሪዎች ነን። በቅርስ ትምህርት ክፍለ ጊዜ «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» ስለሚሉት ቃላት ብዙ ተከራክረናል።

በዕብራይስጥ ወንድ ወይም ሴት መሆንን ሳይገልጹ መናገር ከባድ ነው። በአማርኛ ወንዱም ሴቷም «እሄዳለሁ» ይላሉ። በዕብራይስጥ ግን ወንዱ «አኒ ሆሌኽ»፣ ሴቷ «አኒ ሆሌኸት» ትላለች። «እናንተ» ለማለትም ለወንዶች «አቴም»፣ ለሴቶች «አቴን» አለ (በመንገድ ላይ ለሴቶችም «አቴም» የሚለው ሰው ብዙ ነው)። በ30 ሴቶች መካከል አንድ ወንድ ከተቀመጠ በሰዋስው ሕግ ሁሉም «አቴም» ይሆናሉ። ይህ የክፍላችንን ሴቶች ያናድዳቸዋል። ይህን ለመለወጥ የሚጥሩ ሰዎች በእስራኤል አሉ፤ በቅጾች ላይ ሁለቱን ጾታ በእዝባር ለይተው ይጽፋሉ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያሳዩ አዳዲስ ፊደሎችም ተሠርተዋል።

አማርኛ «እናንተ» ብሎ ሁሉንም ይጠራል። ቄሶቻችን የሚጸልዩበት ግዕዝ ግን እንደ ዕብራይስጥ ነው፤ ለወንዶች «አንትሙ»፣ ለሴቶች «አንትን» ይላል። ትግርኛም በአክብሮት እንኳ ለአባት «ንስኹም»፣ ለእናት «ንስኽን» ብሎ ይለያል። አማርኛ «እርስዎ» ሲል ዕድሜንና ክብርን እንጂ ጾታን አይጠይቅም።

ቢሆንም አማርኛችንም ሁሉን አላሟላም። ለዚህ መጽሔት መጀመሪያ «ለሽማግሌዎቻችን» ብለን ጻፍን። ሴቶቹ ተቃወሙ። ሽማግሌ ሲባል ሰው የሚያስበው ጋቢ የደረቡ አባቶችን ነው። ለእናቶች የቀረው «አሮጊት» ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጽፈዋል? ስለዚህ «ታላላቆቻችን» አልን።

ነገሩ በጣም የሚከብደን ግን ኩፓት ሆሊም ሄደን ስናስተረጉም ነው። አያታችን «ባለፈው ያዩኝ ሐኪም መድኃኒቱን ያቁሙ ብለውኛል» ይላሉ። በአማርኛ ንግግሩ ምንም አልጎደለውም። ወደ ዕብራይስጥ ለመመለስ ግን ሐኪሙ ወንድ ይሁኑ ሴት ማወቅ አለብን። ስንጠይቃቸው «ምን ያደርግላችኋል? ሐኪም ናቸው!» ይሉናል።

ነርሷ «ሽቪ» ስትል እኛ «ይቀመጡ» ብለን እንተረጉማለን። ዕብራይስጥ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ዓይነት ስለሚጠራ እንጂ ንቃ አይደለም። አንዳንድ አያቶች ግን ቃሉን ራሳቸው ስለሚሰሙት ፊታቸው ይለወጣል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ክብሩን እኛ እንጨምርበታለን። ወደ ዕብራይስጥ ስንመልስ የምናስገባበት ቦታ የለንም። አያታችን ልጃቸው የምትሆነውን ወጣት ሐኪም «እግዜር ይስጥዎ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» ብለው ሲያመሰግኑ፣ በእኛ አፍ ወደ ሐኪሟ የሚደርሰው «ቶዳ» እና «አት» ነው።