ዛሬ ጉም የለም እኮ፣ አባዬ

ጓደኞቼ «ባትሪው» ነው የሚሉኝ። ስሜን ሳይረሱት አልቀሩም። አልፈርድባቸውም፤ አሰላ ውስጥ ባለችኝ ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ የእጅ ባትሪ ተደርድሯል፤ ዘጠኙን የሠራሁት ራሴ ነኝ። «ስልክህ ላይ መብራት እያለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል?» ያላለኝ ደንበኛ የለም። ዛሬ መልሱን ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጭላሎ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። አሰላ ራሷ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፤ ጭላሎ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ጅቡ ደግሞ ጉም ሆነ ጨረቃ አይመርጥም። ልጅ ሳለሁ መብራት አልገባልንም ነበር። ኩራዝ ለቤት፣ ባትሪ ለውጪ።

የአባዬ ባትሪ ሁለት ድንጋይ የምትበላ የቆርቆሮ ባትሪ ነበረች። የምታድረው ከትራሱ ሥር ነው። እኛ ልጆች መንካት አይፈቀድልንም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ሁለት ሦስት ሌሊት ያዘግማል። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ተሰብሮ ጥቁሩ ዱቄት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይሆናል። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ዛሬ በማውቀው ስገምታት ያቺ ባትሪ ከ20 ሉመን አታልፍም ነበር። ግን አባዬ በእሷ ላም አዋልዷል፣ በረት የገባ ጅብ አባሯል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ የተከመረ ገብስ ጠብቆ አድሯል። በልጅ ዓይኔ አባቴና ባትሪው አንድ ነገር ነበሩ።

ሱሱ የጀመረኝ ግን ካደግሁ በኋላ፣ በአንድ የተበላሸ ላፕቶፕ ነው። ደንበኛው «ባትሪው ሞቷል፣ ጣለው» ብሎ ትቶት ሄደ። ስፈታው ውስጡ ስድስት ሲሊንደሮች አገኘሁ። 18650 ይባላሉ፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት ነው። በቴስተር ስለካቸው የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። አራቱ ደህና! ሁለቱ ሬሳዎች ናቸው አራቱን ይዘው የተቀበሩት። ያን ቀን ማታ አንዷን ከኤልኢዲ ጋር አገናኘኋትና የሱቁ ግድግዳ ቀን መሰለ። በቃ፣ ያኔ ጠፋሁ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ መሆኑን ታውቃላችሁ? ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። ያቺን ሰማያዊ ብርሃን ለማግኘት ዓመታት የለፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ለካ ዛሬ ስልካችን ላይ የምናበራት ነጥብ ኖቤል ያስገኘች ናት።

በዓለም ላይ ደግሞ ለዚህ ነገር የለየላቸው እብዶች አሉ። ከመዳብና ከቲታኒየም በቶርኖ ቆርጠው፣ ሪፍሌክተሩን መርጠው፣ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠረውን ድራይቨር ራሳቸው ነድፈው አንድ በአንድ የሚሠሩ። ለአንዷ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል አለ። እኔ ቲታኒየም ከየት አመጣለሁ? የአሉሚኒየም ቁራጭ ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ስዕሉን አገላብጦ አየና «የውኃ ፓምፕ ነው?» አለኝ። «ባትሪ ነው» ስለው ሥራውን አቁሞ ሳቀ። ግን ቆረጠልኝ፤ አሁን ከእኔ በላይ የሚጨነቅላቸው እሱ ነው።

ተታልያለሁም። 9900 ሚሊ አምፒር የሚል የተጻፈበት ባትሪ ገዝቼ ነበር። የዚህ መጠን ባትሪ ደህና የሚባለው 3500 ገደማ ነው የሚይዘው፤ 9900 የሚባል የለም። ወርቅ ቤት ወስጄ ሳስመዝነው 45 ግራም አካባቢ መሆን የነበረበት 30 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁጥሩ ሲበዛ አትደሰቱ፣ ተጠራጠሩ። «100,000 ሉመን» የሚለውንም እንደዚያው።

ደንበኞችም አልጠፉም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በተወለደባት ከተማ ከንጋት በፊት የሚሮጥ ወጣት ሞልቷል፤ አንዱ ግንባሩ ላይ የምታስር ቀላል መብራት አሠራኝ። በስንዴ አጨዳ ወቅት ሌሊት የሚሠራ የኮምባይነር ሾፌርም ማሽኑን የሚፈትሽባት ወሰደ። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ነበር። ለአባዬ፣ በአርሲ ምድር አቻ የሌላት ባትሪ እሠራለሁ አልኩ።

አራት ወር ፈጀብኝ። ኤልኢዲ ከሚወስደው ኃይል ብዙው ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር መቀመጫውን ከመዳብ አሠራሁት። ዝናብ እንዳያስገባ ኦሪንግ አደረግሁላት። የመዳቡንና የኤልኢዲውን ገንዘብ ከየት እንዳመጣሁት ባለቤቴ እንዳትሰማ እንጂ፣ ለቤት ኪራይ ከተቀመጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሉመን ማለት ባትሪው የሚተፋው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ካንዴላ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰበሰበው ጥንካሬ። ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማወቅ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በሁለት ማባዛት ነው። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይሄዳል። 400 ሜትር እንዲሄድ ግን 20,000 አይበቃም፣ 40,000 ያስፈልጋል። «ሄደ» የሚባለውም እዚያ ርቀት ላይ የሙሉ ጨረቃ ያህል ብርሃን ሲያርፍ ነው። እኔ 10 ሜትር ላይ በሉክስ መለኪያ ስለካት 400 አለች፤ በ100 ስትባዛ 40,000። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ ይዤላት ወጣሁ። ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነው። አባዬን አውድማው ዳር አቆምኩትና እጁ ላይ አስያዝኩት። «ተጫናት» አልኩት። ተጫናት። ብርሃኑ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ለቀመልኝ። ዞር ብዬ የአባዬን ፊት አየሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጓል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጉሙን ነው የሚያሳየኝ» አለኝ።

«ዛሬ ጉም የለም እኮ፣ አባዬ።»

«አለ እንጂ። ይኸው ነጭ ሆኖ ፊቴ ተገትሯል።»

ምን ልበላችሁ፣ ቅስሜ ተሰበረ። ሱቅ ተመልሼ ሁሉን ነገር ፈታሁት። ብርሃኑ በጣም ነጭ ሆኖበት ይሆናል ብዬ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኤልኢዲ ቀየርኩ። ሪፍሌክተሩን ቀየርኩ። በጥምቀት ሰሞን መልሼ ወሰድኩለት። «ትሻላለች፣ ግን ቀለበት አላት» አለኝ። እኔ የፈራሁት የሪፍሌክተር ቀለበት ነው፤ ግድግዳ ላይ አብርቼ አየሁት፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው ዛሬ ድረስ የሚቆረቁረኝን ቃል የተናገርኩት። «አንተ መቼም ሰው የለፋበት ነገር አይጥምህም» አልኩት። አባዬ ምንም አልመለሰም። ባትሪዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እማዬ ደወለች። አባዬ ሌሊት ላሟን ሊያይ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ጉልበቱ ተልጧል፣ እጁ አብጧል። ባትሪ አልያዘም ነበር። «ለምን?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በር ላይ የቆመን ሰው በድምፁ ነው የሚለየው፣ ልጄ። ዓመት አለፈው። ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው። በሬው ይሸጣል ብሎ ፈራ» አለችኝ።

በማግስቱ ስልኳን ልታሠራ የመጣች ነርስ ሱቄ ነበረች። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ጉሙንም ቀለበቱንም ነገርኳት። «ቀን ፀሐይ ላይ ይብስበታል?» አለች። «አዎ ሲስተር፣ ባርኔጣ አይለየውም።» «እንግዲያውስ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ነገ ሳትል አሳየው።»

እኔ፣ በብርሃን ቁጥር የምመጻደቀው ሰው፣ ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ክረምት ከአሰላ ወደ ኢተያ የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ስታበራ መንገዱ አይታይህም፣ ነጭ ግድግዳ ነው የሚቆምብህ። መብራቱን በጨመርክ ቁጥር ግድግዳው ይወፍራል። አባዬ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። ጉሙ ግን ማሳው ላይ ሳይሆን የዓይኑ ሌንስ ውስጥ ነው። እኔ 40,000 ካንዴላ ጉም ላይ እያበራሁበት «አትወድልኝም» ብዬ ተቀየምኩት።

ሁለቱም ዓይኑ ሞራ ነበረው። በቀኙ ተጀመረ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። በሬውም አልተሸጠም፤ እኔ ከባትሪዎቼ ሁለቱን ሸጥኩ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ ያየው እማዬን ነው። ትክ ብሎ አያትና «ይሄ ነጠላሽ እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?» አላት። እማዬም «እኔስ መቼ አቆሽሼው አውቃለሁ!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ውጪ ወጣሁ።

ዓይኑ ሲጠግግለት አንድ ማታ ከሣጥኑ ራሱ አወጣት። አውድማው ዳር ሄድን። አብርቶ ወደ ማዶ ዘረጋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየ። «ጉሙ የታለ?» ይላል ብዬ እየጠበቅሁ ነው። እሱ ግን ምን አለ መሰላችሁ?

«ሦስተኛውን ባሕር ዛፍ ማን ቆረጠው?»

ዛፉ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከዚያ ወደ በረቱ ሲያዞራት ላሟ ደነገጠች። «ቀንሳት፣ ከብት ታስበረግጋለች» አለኝ። ዝቅተኛዋ ላይ አደረግኩለት፤ 5 ሉመን ገደማ። እስከ ዛሬ የሚጠቀመው በእሷ ብቻ ነው። ያን ሁሉ መዳብ፣ ያን ሁሉ ካንዴላ፣ በዓመት አንዴ ለጅብ ነው የሚያበራው። ግራ ዓይኑ ደግሞ ከአጨዳ በኋላ ቀጠሮ አለው።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ባትሪ መሥራት የምትፈልጉ ኑ፣ የማውቀውን አሳያችኋለሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ቮልቱ ከ2.5 በታች ወርዶ ካገኛችሁት ለመቀስቀስ አትሞክሩ፣ በእሳት አትጫወቱ። ኃይለኛ ባትሪ ሰው ዓይን ላይ አታብሩ።

ደግሞ አገር ቤት ስትሄዱ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር በር ላይ ውጡና መብራት አብርታችሁ ምን እንደሚታያቸው ጠይቋቸው። የዓይን ሞራ በአገራችን ሰውን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉት ነገሮች ቀዳሚው ነው፤ ግን በቀዶ ሕክምና ይድናል። «ጉም ነው» ካሏችሁ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ጉም ከሌለ እንደ እኔ አትከራከሩ፣ ይዛችኋቸው ሂዱ።