የአያቴ ሸቭሮሌ ጌጆች

አሮጌ የጭነት መኪና ሲባል በ1928 ዓ.ም. ከጣልያን ጦር ጋር የገቡትን ትሬንታ ኳትሮዎች ታስቡ ይሆናል። አባቴ በቡልቡላ ከአያቴ የወረሰው መኪና ግን አሜሪካ ሠራሽ ሸቭሮሌ ነው። በገበያ ቀን በቆሎና ሽንኩርት እያመላለሰ የእኔንና የእኅቶቼን የትምህርት ወጪ ይችላል። ፋብሪካው ወደ 12 ቮልት የተሻገረው በ1947 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው የእኛው በ6 ቮልት ነበር የሚሠራው።

ዛሬ የ6 ቮልት ባትሪ ፍለጋ አዳማ ድረስ ሄዶ ባዶ እጅን መመለስ አለ። ባትሪ ካልተገኘ መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጥ ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ ኤሌትሪሽያን ከባቱ መጥተው ወደ 12 ቮልት ሊለውጡት ተስማሙ። ዲናሞው በኦልተርኔተር ተተካ፤ ኮይሉና አምፖሎቹም ተለወጡ። መካኒኮች ክሩስኮት በሚሉት ሰሌዳ ላይ ያሉትን ጌጆች ግን «እንጣላቸውና አዲስ እንግጠም» ሲሉ አባቴ «አባባ እያዩ የነዱባቸው ናቸው፤ አይነሡም» አለ። ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ቆመ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ፈትተን ብናይ ከ4ቱ ትንንሽ ጌጆች ኤሌትሪክ የሚነካቸው 2 ብቻ ናቸው። የዘይቱን መርፌ የሚገፋው ዘይቱ ራሱ ነው። የሙቀቱ ደግሞ ከሞተሩ ራስ የሚመጣ፣ ኤተር ያለበት ቀጭን ቱቦ አለው፤ ውሃው ሲሞቅ ኤተሩ ይተንና ግፊቱ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ባትሪው 6 ሆነ 12 ግድ የላቸውም። ቱቦው ቢሰበር ግን ምትክ ስለማይገኝለት፣ ሥራው እስኪያልቅ ክንዴ እየዛለ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዋናው ጣጣ የነዳጁ ጌጅ ነበር። በሳልባትዮው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍና ዝቅ ሲል ተቃውሞው ከ0 እስከ 30 ኦም ይለዋወጣል፤ መርፌውም በዚያ ልክ ይሄዳል። 12 ቮልት ቢለቁበት በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ሊቃጠል ይችላል። መድኃኒቱ 7806 የሚባል ባለ 3 እግር ሬጉሌተር ሆነ፤ 12ቱን ተቀብሎ 6 ብቻ የሚያሳልፍ፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ስለሚሞቅ ከብረት ጋር አሰርነው። ከተንሳፋፊው የሚመጣውን ሽቦ ብንነቅል መርፌው «ሙሉ» ላይ ወጣ፤ ከመኪናው አካል ጋር ብናነካካው «ባዶ» ላይ ወረደ። ጌጁ ደኅና ነበር ማለት ነው!

የአምፔሩ ጌጅ የኦልተርኔተሩን ጉልበት አይችልምና ሽቦው ተነቅሎ በቦታው ቀረ። አባቴ «ጡረታ ወጣ» ይለዋል። በምትኩ ከሰሌዳው ሥር ትንሽ የቮልት መለኪያ ገጠምን፤ እውነቱን ለመናገር መልኩን አልወደድኩትም። አባቴም ከእርሱ ይልቅ፣ በስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ጭነት ይዞ ሲጓዝ፣ ዐይኑን የሚጥለው በአሮጌው የሙቀት መርፌ ላይ ነው።