ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ የመንገደኛው ጠመንጃ

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው መንገድ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፎ ሞጣ ይደርሳል። በስተግራ የጮቄ ተራራ፣ በስተቀኝ የዓባይ በረሃ አለ። ደጋው ጤፍና ስንዴ የሚታጨድበት ደልዳላ አገር ሲሆን፣ ወደ ዓባይ የሚወርድ ግን ነብርና ጅብ የሚውልበት ገደል ይጠብቀዋል። ከሞጣ በታች በሚገኘው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገርለት በሰባራ ድልድይ በኩል ይሻገር የነበረው ነጋዴ ያለ ጠመንጃ መውረድን አይወድም ነበር።

ይይዘው የነበረውም ብዙ ጊዜ ውጅግራ ወይም ምንሽር ነው። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው፤ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም ያህል ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ምንሽር ግን ብዙ ጥይት ትጎርሳለች፤ አረሯ ቀጭን ስለ ሆነ ሩቅ ትመታለች።

ድብን እኛ የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ለሳኦል ነግሮታልና። ድብ በሚኖርበት በአሜሪካ ጫካ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ግን ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ይመርጣሉ። ከሚወዷቸው ጥይቶች አንዱ በ1873 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር የተሠራው 45-70 ነው፤ የዚያም አረር 26 ግራም ያህል ነበር። እንግዲህ ውጅግራውን ያልጣለው የጎጃም ሽማግሌ ከእነርሱ የራቀ አሳብ አልነበረውም፤ በቁጥቋጦ ውስጥ በቅርብ ለሚመጣ አውሬ ከባድ እርሳስ ይሻላል። የውጅግራ ጉድለቷ ሁለተኛው ጥይት መዘግየቱ ነው።

በእኛ አስተያየት ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱን መምረጥ ይበልጣል። ቀለሁ የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ በቤትም ባሩዱ ሳይመዘን ዳግመኛ የተሞላ ከሆነ፣ የሚጎዳው ተኳሹን ነው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ ቢቀር፣ አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ ሳያነሡ ጥቂት መቆየት ይገባል እንጂ ወዲያው መክፈት አይገባም። ቀድሞ የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበረ፣ በጅብ ላይ መተኮስ ኪስን ማራገፍ ነበር! ለጅብማ ፋኖስና በትር ይበቃል።

ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ አውሬ ማደንም እንዲሁ። ፈቃድ ያለው አባወራም ጠመንጃውን ጎርሶ ከምሰሶ ላይ አይስቀለው፤ ጥይቱን ለብቻ ቆልፎ፣ መክፈቻውን ልጆች ከማያገኙበት ያኑር። ፍየሎቹን ከነብር ለመጠበቅም በረቱን ከፍ ባለ የእሾህ አጥር ይጠር፤ በሩንም ሳይመሽ ይዝጋ።