ስም የት ያልቃል?

እማማ ወለተ ኪዳን ከዳባት መጥተው በመስኮቴ ፊት የቆሙት በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም፤ ነገር ግን እንደዚሁ ከሁለት ቃል የተሠራ፣ የሰውን ልጅ ከታቦት ጋር ያዛመደ ስም ነው። ከዳባት ጎንደር በአምባ ጊዮርጊስ በኩል 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ነበር የመጡት። የደጋው ብርድ ገና ከጋቢያቸው አልለቀቀም።

ልጃቸው ከሩቅ አገር የሚልክላቸው ገንዘብ በደብተራቸው ተቀምጧል። ገንዘብ ሊያወጡ ሲመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። መታወቂያቸውን ተቀብዬ ኮምፒውተሩን ተመለከትኩ።

«እማማ፣ እዚህ የተመዘገበው ወለተ ነው። ኪዳን የአባትዎ ስም ነው?»

ፈገግ አሉ። «ኪዳንማ ታቦቷ ናት፣ ልጄ። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሣ የወጣልኝ ስም ነው። አባቴማ ሌላ ነው።»

የአባታቸውን ስም ነገሩኝ። በመዝገቡ ላይ ግን እርሱ አያት ሆኖ ተቀምጧል። የአያታቸው ስም ጭራሹን የለም። መታወቂያውና መዝገቡ ስላልተገናኙ ከቀበሌ የማረጋገጫ ደብዳቤ ማምጣት እንዳለባቸው ነገርኳቸው።

«ቅዳሜ የባለቤቴ ተዝካር ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ደንቡ ነው አልኳቸው። በእርግጥም ደንቡ ነበር። ምንም ሳይመልሱ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ሒሳቡ ሲከፈት የተሞላውን ቅጽ ከማኅደር አስወጥቼ አየሁት። በ2006 ዓ.ም. የተሞላ ነው። ቅጹ ሦስት ሳጥኖች አሉት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በመጀመሪያው «ወለተ»፣ በሁለተኛው «ኪዳን»፣ በሦስተኛው የአባታቸው ስም ገብቷል። ቦታ ያጡት አያት ከነስማቸው ቀርተዋል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር።

እማማ ወለተ ኪዳን በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤውን ይዘው ተመለሱ። ተዝካሩን በብድር አውጥተውታል። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት ከብዙ ቁጣ ይልቅ ሲከብደኝ ኖሯል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ዛሬ እንድጽፈው ያደረገኝ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስለ ቅኔና ስለ ግጥም በሚወጋበት ገጽ ላይ የኮምፒውተር ነገር ማንሣቴ እንግዳ ቢመስልም ጥቂት ታገሡኝ።

በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ምሽቱ ረጅም ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና የአክስቴ ልጅ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ከነመመሪያው ጫነልኝ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1996 ነው። እኔም ባለፉት ዓመታት የሞነጫጨርኳቸውን ግጥሞች በዓመትና በርእስ ላደራጅበት አሰብኩ። ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ፒኤስኪውኤል ይባላል። መስኮትም፣ የሚጫኑት ሥዕልም የለውም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ፤ እርሱም አንብቦ ይመልስላችኋል።

ከግጥሞቼ መካከል ስለ እማማ ወለተ ኪዳን የጻፍኩት አንድ ስላለ መዝገቡን በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው ሰየምኩት። በማግሥቱ ማታ ልከፍተው ፈልጌ የፕሮግራሙን ስም፣ ከእርሱም ቀጥሎ የእርሳቸውን ስም እንደምንጽፈው ጻፍኩ፤ ወለተ፣ ክፍተት፣ ኪዳን፣ ክፍተት፣ የአባታቸው ስም።

መዝገቡ አልተከፈተም። በምትኩ አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። በአማርኛ ብንመልሰው «ትርፍ ቃል ስለሆነ ችላ ተብሏል» የሚል ነው። ችላ የተባለው የአባታቸው ስም ነበር። ከዚያም ፕሮግራሙ «ኪዳን» በተባለ ተጠቃሚ ስም «ወለተ» ወደተባለ መዝገብ ሊገባ ሞክሮ ተከለከለ።

ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን ትኩር ብዬ ተመለከትኩት። ከዓመታት በፊት እኔ በቅጹ ላይ ያደረግኩትን ነበር የደገመው።

መመሪያውን ሳነብ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የጻፍነውን መስመር መጀመሪያ የሚቀበለው ሼል የተባለው የትእዛዝ ተቀባይ ነው። እርሱም መስመሩን በየክፍተቱ ይቆራርጥና ቁርጥራጩን ለፒኤስኪውኤል ያስረክባል። ፒኤስኪውኤልም የምን ቃል እንደሆነ በምልክት ያልተነገረው ቁራጭ ሲደርሰው በተራው ይፈርጀዋል፤ የመጀመሪያው የመዝገብ ስም፣ ሁለተኛው የተጠቃሚ ስም ነው። ለሦስተኛው ቦታ የለውም። ስሙ አንድ መሆኑን እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ ከዳር እስከ ዳር በትእምርተ ጥቅስ ልታጥሩት ይገባል። ያን ጊዜ በመካከል ያለው ክፍተት መቁረጫነቱ ይቀርና የስሙ አካል ይሆናል።

ወደ ውስጥ ከገባችሁ በኋላም ሕጉ ብዙ አይለይም። በኋልዮሽ በተጋደመች ጭረት የሚጀምሩ የራሱ ትእዛዞች አሉት፤ እነርሱም ተከታይ ቃሎቻቸውን በክፍተት ይለያሉ። ኢኮ የተባለው ትእዛዝ የሰጣችሁትን ቃል መልሶ ያሳያችኋል፤ በሁለት ቃላት መካከል አሥር ክፍተት ብትተዉ እንኳ አንድ ብቻ አድርጎ ይመልሰዋል። ቃልን በአንድ መጠሪያ ሥር የሚያኖረው ትእዛዝ ደግሞ «ወለተ ኪዳን» ብትሰጡት ሁለቱን ያለ ክፍተት ገጥሞ «ወለተኪዳን» ብሎ ያኖራል። አንዱ ይለያያል፣ ሌላው ያጣብቃል። ሁለቱም ስሙን እንዳለ እንዲጠብቁት በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ መታጠር አለበት። እኛ የምንወዳትን «» ግን አያውቃትም፤ እንደማንኛውም ፊደል ይቆጥራትና ስሙን ከመካከሉ ይቆርጠዋል።

ከሁሉ የገረመኝ የሁለት ነጥብ ነገር ነው። አያቴ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በልጅነቴ ያነበቡልኝ የብራና መጽሐፍ ቃላቱን የሚለያቸው ክፍተት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነበር። እኔም ለሙከራ «ወለተ፡ኪዳን» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ አንድ ቃል አድርጎ ተቀበለው! ጸሐፍቶቻችን ቃልን ከቃል የለዩባት ምልክት ለእርሱ ማያያዣ ሆነች። የእኛን አራት ነጥብም በጥያቄዬ መጨረሻ ላይ አኑሬ አየሁት። አልመለሰልኝም። ንግግሬ ማለቁን የምትነግረው የፈረንጆቹ ነጥብና ሰረዝ ስለሆነች፣ ገና የምለው ያለኝ መስሎት ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ስለ ስሞቻችን አሰብኩ። ስንታየሁ፣ ማንደፍሮ፣ አንተነህ፣ ዓለማየሁ የምንላቸው እያንዳንዳቸው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው። «ስንት አየሁ» ያለች እናት ያሳለፈችውን መከራ ሁሉ ያለ አንዲት ክፍተት በልጇ ላይ አትማዋለች። እንዲህ ያለው ስም ማሽን ዘንድ ሲደርስ አይጎዳም። ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩት ግን በመካከላቸው በር አላቸው፤ አንዱ ጸሐፊ ይዘጋዋል፣ ሌላው ይከፍተዋል። ባለቤታቸው ሲጠሩት አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን አንድም ሁለትም ይሆናል።

ጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ አገር ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን አንዱን ቃል በአንድ ፍቺ አይተዉትም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ይጨምራሉ። በቅኔውም ቢሆን አንዱ ኅብረ ቃል እንደ አነባበቡ ሰሙንም ወርቁንም ይሰጣል። አያቴ አንድ ስንኝ ባነበብኩ ቁጥር «ደግመህ እየው፣ ሌላ ቦታ ቆርጠህ ሞክረው» ይሉኝ ነበር። ፕሮግራሙ ይህ የለውም። ክፍተት ካየ ይቆርጣል፤ «አንድም» አይልም።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ማሽኑን በመውቀስና መምህራኑን በማመስገን ብዘጋው ደስ ባለኝ ነበር። ሐሰት ይሆንብኛል እንጂ። ማሽኑ አንድ ፍቺ ብቻ እንዳለው አስቀድሞ በመመሪያው ጽፎ አስታውቋል። ቃል ሲተርፈውም ይህን ቃል ትቼዋለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። እኔ ግን «አንድም» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ፣ ወለተ ብቻውን ስም እንደማይሆን የማውቅ፣ ግጥም እጽፋለሁ የምል ሰው፣ የአንዲትን እናት ስም በሦስት ሳጥን ልክ ቆርጬ አያታቸውን ስጥል ለማንም አልተናገርኩም። እርሳቸውንም ቀና ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሳጥኑም ሦስት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም የራሴን ስሕተት ደንብ ብዬ መልሼ ሰጠኋቸው።

ማሽኑ የሚያውቀው ክፍተትን ነው፤ የስምን ወሰን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ጸሐፊ ሥራው ያን ወሰን ጠይቆ ምልክቱን በትክክለኛው ቦታ ማኖር ነው። እኔ ይህን የባንክ ሥራ ታናሽ ክፍል አድርጌ ነበር የማየው።

የግጥሞቼ መዝገብ አሁንም በእማማ ወለተ ኪዳን ስም ይጠራል። በከፈትኩት ቁጥር ትእምርተ ጥቅሱን አስቀድሜ አኖራለሁ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው እጽፋለሁ፣ በሌላኛው ጫፍ እዘጋለሁ። አሳጥሬ ልሰይመው እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

በመስኮቴ ፊት አዲስ ደንበኛ ሲቆምም አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይሥቁብኛል።

«የእርስዎ ስም የት ያልቃል? የአባትዎስ ከየት ይጀምራል?»

ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ከወገራና ከዳባት በኩል የሚመጡት አረጋውያን ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ከዘራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ ረጋ ብለው፣ አንድ በአንድ ይነግሩኛል። እኔም እስኪጨርሱ አልጽፍም።