ማሽኑን ማን አሳሳተው?

አብነት መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ያማርራል። አንድ ወጣት ግን ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

በዚያ ምሽት አዲስ ዕቃ ገጥሞለታል፤ ኮከብ የሚፈልግ ትንሽ ኮምፒዩተር። በማቆሚያው ሁለት ዘንጎች ላይ የሚታሰሩት ኢንኮደሮች ቱቦው ስንት እንደዞረ ይቆጥራሉ። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ሁለት ኮከቦች እንዲያሳዩት ይጠይቃል፤ ሌላውን ከእነሱ ተነስቶ ያሰላል።

ወጣቱ «ሲሪየስ» እና «ሪጌል» ብሎ አሳየው። ከዚያ የኦሪዮን ኔቡላን ቢጠይቀው ወደ ጎረቤት ሮቶ መራው።

«ዕቃው ተበላሽቷል» አለ።

አባቱ ጎጃም ሌሊት ማሳ ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ያ የመጀመሪያው እኮ አይርገበገብም» አሉት። እውነትም ሲሪየስ ሳይሆን ጁፒተር ነበር። ኮምፒዩተሩ ሁለቱ እንደማይገጥሙ በቁጥር አሳይቶ ነበር፤ ልጁ ግን አላነበበውም።

እንጦጦ አናት ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም የሚመሩት በኮምፒዩተር ነው። መነሻው ከተሳሳተ ግን ስሌቱ ልክ ሆኖ መልሱ ስህተት ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበው ሪፖርትም እንዲሁ ነው።

እንደገና አስተካከሉት። አባት ኔቡላውን እያዩ ሳለ ከታች የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። መብራቱ በራ፤ ሰማዩም ደበዘዘ።