ጌጁን ከመውቀሳችን በፊት

ይህን የምጽፈው መካኒክ ሆኜ አይደለም። በፊዚክስ ጥሩ ውጤት አመጣሁ ብዬ አጎቴን ያከሰርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዱ ነበር። ላዳ የፊያት 124ን ንድፍ ተከትሎ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቭየት ኅብረት የተሠራ መኪና ነው። እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰችኝ ያቺው ታክሲ ናት። ፈተና ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ክረምት አንድ ችግር ገጠማት። መንገዱ ጎርበጥ ሲል ክሩስኮቱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ በድንገት ይዘልና ቀዩ ላይ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። አጎቴ በየጊዜው ቆመው ኮፈን ይከፍታሉ፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ተሳፋሪውም ያጉረመርማል።

«አንተ ተምረሃል፤ እስቲ እየው» አሉኝ። ጥቂት አየሁና «ጋሼ፣ ጌጁ ሞቷል፤ ዝም ብሎ ነው የሚዋሸው» አልኳቸው። ሽቦውን ከሞተሩ ላይ ነቅዬ ከሌሎቹ ጋር አሰርኩት። ቀስቱ ወርዶ ጸጥ አለ። አጎቴ መረቁኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ለካ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃው ቀስ በቀስ ያፈስ ኖሯል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ጋለ። ቀስቱ ግን ታች እንደተኛ ነው፤ ምን ያድርግ፣ አፉን ዘግቼዋለሁ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፤ ቴስታታውም ተጣመመ። ታክሲዋ አንድ ወር ያህል ጋራዥ ቆመች። አጎቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁና «ስትነቅለው ወረደ አላልክም? የሞተ ጌጅ ይወርዳል እንዴ? ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው፤ ቀስት በድንገት ከዘለለ ነገሩ የሽቦ ነው» አሉኝ።

ከዚያም በተራ አስጨበጡኝ። የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ አብረው ከሞቱ መጀመሪያ ፊውዙ ይታያል፤ ቀጥሎ ከክሩስኮቱ ኋላ ያለው ማሳ። የሙቀቱ ብቻ ካስቸገረ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሽቦው ከሴንሰሩ ላይ ይነቀላል፤ ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛው መውረድ አለበት። የሽቦው ጫፍ ለአፍታ የሞተሩን ብረት ሲነካ ደግሞ ወደ ቀዩ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ሽቦው ተነቅሎም ቀስቱ ቀዩ ላይ ከቀረ፣ ሽቦው በመንገዱ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል። ብረት አስነክተነውም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይ ጌጁ ራሱ ሞቷል።

ምክንያቱን እኮ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ሴንሰሩ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሽቦው ብረት ሲነካ ለጌጁ ሞተሩ እጅግ የጋለ ይመስለዋል። የእኛው ሽቦ ልባሱ ተልጦ መንገድ በጎረበጠ ቁጥር ሞተሩን ይነካ ነበር። መድኃኒቱ አንድ ስንዝር ናስትሮ ነበር።

ይህን ለምን አነሳሁት? በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ በሒሳብ ሁልጊዜ የሚሳሳት አንድ ልጅ ነበር። «ሰነፍ ነው» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ላዳዋ ትዝ አለችኝ። ጠርቼ በቃል ጠየቅሁት፤ መለሰ። ከጥቁር ሰሌዳው ገልብጥ አልኩት፤ 3ቱን 8 አድርጎ ጻፈው። የፊት ወንበር ላይ ሳስቀምጠው ግን በትክክል ገለበጠ። ጭንቅላቱ ደህና ነበር፤ ዓይኑ ነው ያስቸገረው።

እኛ እጩ መምህራን ነገ ብዙ ቀስት ፊት ለፊታችን ይቆማል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ እንዳይሆንብን፣ ሽቦውን ከመንቀላችን በፊት እንፈትሽ።