ጓዳና ጓሮ

እንግዳ ቤትን የሚያውቀው በደጁ ነው፤ ባለቤቲቱ ግን በጓሮው ታውቀዋለች። እንግዳው በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ከመደቡ ላይ አረፍ ሲል፣ የቤቱ ኑሮ የሚካሄደው ከጓዳ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮም ወደ ጓዳ በሚመላለሰው እግር ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ በዳባትና በደባርቅ፣ ከተራሮቹም ማዶ በጃናሞራ ወረዳ በመካነ ብርሃን፣ የወላጆቹን አሮጌ ቤት አድሶ ከአትክልቱ ጋር ለማገናኘት የሚነሣ ሰው ሁሉ ከዚህች የእግር መንገድ መጀመር ይኖርበታል።

የቀድሞው ግንበኛ ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ሲያቆም ግድግዳውን ያወፈረው፣ መስኮቱንም ያጠበበው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በበጋው ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ በክረምት ደግሞ ቀኑ ጭጋግና ዶፍ ነው። ለእንዲህ ያለው አገር ወፍራም ግድግዳ እንደ ካባ ያገለግላል። ቤቱ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በአንዲት ጠባብ የጓሮ በር ከአትክልቱ ጋር ሲነጋገር ኖሯል።

ጓሮውም ቢሆን ከቤቱ የተለየ መሬት አልነበረም። ጌሾው ከአጥሩ ሥር፣ ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ ከመካከል፣ ጤና አዳሙ ከበሩ አጠገብ ይበቅላል፤ ለጠላውም ለወጡም ለቡናውም የሚሆነው ሁሉ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ነው። የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ጎመን ሆኖም ይመለሳል። ዛሬ ከደጋው ገበታ የማይለየው ድንች እንኳ፣ ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት እንግዳ ተክል ነበር። ጓሮ እንግዳውን ዘር ባለአገር የሚያደርግ ቦታ ነው።

በዘመናችን ይህን ቤት የሚያድሱት አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው። ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ማዶም ገንዘብ ይልካሉ፤ ምኞታቸውም እናታቸው በእርጅና ዘመናቸው እንዲመቻቸው ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ሲጀመር ጓዳው ሳሎን ይሆናል፤ የጓሮው በር ለሌባ ያመቻል ተብሎ ይደፈናል፤ ጌሾው ተነቅሎ በቦታው የሚከራዩ ክፍሎች ይደረደራሉ። ሌላው ደግሞ የኋላውን ግድግዳ በሙሉ አፍርሶ መስተዋት ሊያቆም ይከጅላል። በመጀመሪያው እናት ከአትክልታቸው ይለያሉ፤ በሁለተኛው ለብርድ ይዳረጋሉ። በሁለቱም በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ። ጎንበስ ብለው ጎመን የሚቀነጥሱበት ማለዳ ሲቀር፣ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር የሚለዋወጡት ሰላምታም አብሮ ይቀራል። ይህን ኪሳራ ማንም ከእድሳቱ ወጪ ጋር አይደምረውም።

ከሁለቱ የሚሻለው መንገድ ማስተዋልን ይጠይቃል። ጣራውን የተሸከመው ግድግዳው ከሆነ፣ አንድ ድንጋይ ከመነቀሉ በፊት ጣራው በምሰሶ መደገፍ አለበት። አዲሱ መክፈቻ አሮጌው የጓሮ በር በነበረበት ቦታ ቢሰፋ መልካም ነው፤ ከማዕዘን ግን መራቅ ይገባዋል። ጉበኑም ከመክፈቻው ግራና ቀኝ አልፎ በጤናማው ግንብ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ጓሮው በስተደቡብ የሆነለት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከመስከረም ማብቂያ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምታዘነብል፣ በብርዱ ወራት ብርሃንዋ እስከ ጓዳው ይዘልቃል። ለክረምቱ የጣራውን ክፈፍ ማስረዘምና የጎርፉን ቦይ ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል።

ስለ ምርጉም መታሰብ አለበት። የጭቃ ግንብ እርጥበትን እየሳበ እየተነፈሰ የሚኖር ነው፤ በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ ከውስጥ ይቀርና ግንቡን ያላሽቀዋል። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ የጎንደር ፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ተጠግነው እንደነበር፣ በኋለኛው እድሳት ግን ወደ ኖራው መመለስ እንዳስፈለገ ይታወቃል። ለነገሥታቱ ግንብ ያልተስማማ ነገር ለድሀው የጭቃ ቤት ይስማማል ተብሎ አይጠበቅም። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በየጊዜው መለቅለቅን ቢፈልግም፣ ለግድግዳው ዘመዱ ነው።

ሕንፃን ከዕፀዋት ጋር ማኖር ለዚህ አገር ባዕድ ትምህርት አይደለም። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ደረስጌ ማርያም የምትገኘው በዚሁ በሰሜን ምድር ነው። በደጋው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው ገና ከሩቅ በፅዱና በወይራው ነው፤ ዛፉን የቆረጠ ደብሩን እንዳራቆተ ይቆጠራል። ይህ አክብሮት ከደብሩ ቅጽር አልፎ እስከ ቤተሰቡ ጓሮ ቢደርስ ምን ይጎዳል?

እንግዲህ የእድሳቱን መልካምነት የሚመዝኑት በዕለተ ምረቃው የተሰበሰቡት እንግዶች ሊሆኑ አይገባም። እናት ማለዳ ተነሥተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳይጠሩ ከጓዳ ወደ ጌሾአቸው መውጣት ከቻሉ ሥራው ሠምሯል፤ ካልቻሉ ግን ግንበኛው እንደገና ሊጠራ ይገባል።